ማታ ማታ የሚጠፋው የስፖርት ሬዲዮ

ሰላም ለሁላችሁም፣

ከመካከላችሁ ዋሽንግተን ውስጥ ማታ ታክሲ የምትነዱ ልጆች «የስፖርት ጣቢያው ድንገት ይጠፋብናል፤ ሬዲዮው ተበላሽቶ ነው?» ብላችኋል። ሬዲዮው ደህና ነው። የኤ.ኤም. (የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ) ሞገድ ቀን በምድር ላይ ይጓዛል፤ ሲመሽ ግን ወደ ላይ የወጣው ሞገድ ከላይኛው የከባቢ አየር ክፍል እየነጠረ ሩቅ ስለሚደርስ ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር ይጋጫል። ስለዚህ በአሜሪካ ብዙ የኤ.ኤም. ጣቢያዎች ሲመሽ ኃይላቸውን እንዲቀንሱ ይገደዳሉ። በጣም የሚያሳዝነኝ፣ ጨዋታው የሚደምቀው ልክ በዚያ ሰዓት መሆኑ ነው።

ኤፍ.ኤም. ደግሞ የራሱ ችግር አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 የከተማችን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ባለቤት የነበሩት የዳንኤል ስናይደር ኩባንያ 730 ኤ.ኤም.፣ 92.7 እና 94.3 ኤፍ.ኤም. የተባሉ ሦስት ጣቢያዎችን ይዞ በስፖርት ወሬ ተነሣ። ሁለቱ ኤፍ.ኤሞች የደቡብ ሜሪላንድና የዋረንተን (ቨርጂኒያ) አካባቢ ጣቢያዎች ስለነበሩ መሀል ከተማ ላይ በደንብ አይሰሙም ነበር። ሦስት ደካማ ጣቢያ አንድ ጠንካራ አይሆንም፤ በ2008 ኩባንያው 980 ኤ.ኤም.ን ገዛ።

ኒውዮርክ ላይም የስፖርት ማሰራጫው ኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. በ2012 ከ1050 ኤ.ኤም. ወደ 98.7 ኤፍ.ኤም. ተሻግሮ፣ በ2024 ተመልሶ ኤ.ኤም. 880 ላይ ገባ።

እባካችሁ ድምፁ የሚቆረጥበትን ሰፈርና ሰዓት ጻፉልኝ፤ አንድ ላይ አድርጌ ለጣቢያው እልካለሁ። እስከዚያው ከመነሣታችሁ በፊት በስልካችሁ የጣቢያውን የኢንተርኔት ስርጭት ክፈቱ፤ እየነዳችሁ ግን ስልክ አትንኩ።