ለዝዋይ ጉዞ 32 ልጆች ቀርተውናል፤ እስከ አርብ ድረሱልን

ሰላም የሰፈራችን ሰዎች፤ ፒያሳና አራት ኪሎ ያላችሁ፣ ከሰፈር ተነስታችሁ ኮንዶሚኒየም የገባችሁ፣ ውጭ አገር ያላችሁም ጭምር።

የሰፈራችን ልጆች ዝዋይ ሐይቅ ሄደው ወፎችና ጉማሬ የሚያዩበት ጉዞ አልተሰረዘም። የተቸገርነው በመኪና ነው። ቀብድ ከፍለነው የነበረ ባለ ኮስተር ነዳጅ ሲጨምር በተስማማንበት ዋጋ አልሄድም አለ። ሽማግሌ ልከን ግማሹን መለሰልን፣ ግማሹ ቀረ። አሁን ሌላ ሰው ሁለት ኮስተር ይዞልናል፤ የሚጠብቀን ግን እስከ አርብ ማታ ብቻ ነው። ከ56 ልጆች የ24ቱ ወጪ ተሸፍኗል። የ32ቱ ይቀራል። መኪናውም፣ ጀልባውም፣ ምሳውም ተደምሮ ለአንድ ልጅ 2,000 ብር ነው፤ በጠቅላላው 64,000 ብር።

ገንዘቡ የሚገባው በእድሩ ስም በተከፈተው የንግድ ባንክ ሒሳብ ነው። ቁጥሩ የእድሩ ቤት በር ላይ ተለጥፏል፣ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይም ከላይ ፒን ተደርጓል።

«ዘንድሮ እንጦጦ ብትወስዷቸው ምናለ?» ያላችሁን አላችሁ። እንጦጦ ወስደናቸዋል፤ ስድስት ኪሎም፣ አንድነት ፓርክም። ያኔ ያዋጣችሁት ብር ባክኖ አልቀረም፤ ዛሬ ልጆቹ ቀና ብለው አይተው ጭላቱን ከአሞራው ይለያሉ። ከመካከላቸው ከአዲስ አበባ ወጥተው የማያውቁ አሉ። ጉማሬ የሚያውቁት በመጽሐፍ ነው። ዝዋይ ደግሞ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ በፍጥነት መንገዱ ደርሶ መልስ ይቻላል።

ለቅኝት የሄዱት የኮሚቴ አባላት ያዩትን ልንገራችሁ። ጀልባ መነሻው ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቆዳ ይገፍፋሉ። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ራሰ በራውን ዘንበል አድርጎ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ከረጢት አንጠልጥሎ፣ ልክ እንደ ደንበኛ ሰውዬው አጠገብ ቆሞ የዓሣው አንጀት እስኪጣልለት ይጠብቃል። ፔሊካኖቹ ከኋላ ይጋፋሉ። ልጅ ይህንን በአንድ ክንድ ርቀት ቆሞ ካየ፣ እኛ ክፍል ውስጥ ዓመት ሙሉ ብናወራለት የማይገባው ነገር ይገባዋል።

ፕሮግራሙ የታሰበው ከጥምቀት በኋላ፣ ልጆቹ የሴሚስተር እረፍት ላይ ሲሆኑ ነው። በአገራቸው ብርዱ ሲብስባቸው ከአውሮፓ የሚመጡት ወፎች ያኔ እዚያው ናቸው፤ ካራዘምነው ይመለሳሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከፒያሳ እንነሳለን። መጀመሪያ ጉማሬዎቹን ከሩቅ እናያለን፤ ጆሮና አፍንጫ ብቻ ነው ከውሃው በላይ የሚታየው፣ ጀልባው አይጠጋም። ከዚያ ትንሿን የወፎች ደሴት እንዞራለን። አንወርድም፤ ጎጆ ላይ የተቀመጠ ወፍ በሰው ብዛት ከተነሳ እንቁላሉ ለአሞራ ይጋለጣል። የምንወርደው ደብረ ሲና ደሴት ላይ ነው። «ቱሉ ጉዶ ሳትሄዱ?» ለምትሉ፣ የደብረ ጽዮን ገዳም ያለባትን፣ የዛይ ሕዝብ የሚኖርባትን ደሴት ብናሳያቸው ለእኛም ደስታችን ነበር። ግን ሩቅ ናት። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል፣ 56 ልጅ ይዘን ማዕበል ውስጥ አንገባም።

ስለ ላይፍ ጃኬቶቹ ደግሞ በግልጽ እናውራ፤ ሐሜቱ ደርሶናል። «ብሩን ጃኬት ገዙበት፣ እዚያው ይገኝ የለም ወይ?» ተብሏል። ያገኘነው የአዋቂ ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ አልብሰን ሞከርነው፣ ትከሻዋን አልፎ ጆሮዋን ሸፈነ። ውሃ ውስጥ ብትወድቅ ሾልካ ትወጣበታለች። ስለዚህ በልጅ ልክ ገዛን። ሐይቁ ያን ያህል ጥልቅ ባይሆንም ዋና ለማይችል ልጅ ሁለት ሜትርም ገደል ነው። ደረሰኙ ፋይል ውስጥ አለ፣ መጥታችሁ እዩት። ጃኬቶቹ የእድሩ ንብረት ናቸው፣ ለሚቀጥለውም ዓመት ያገለግላሉ።

እውነቱን ለመናገር ደክሞናል። በየበሩ ማንኳኳት ይከብዳል፣ ኑሮ ለሁሉም ከብዷል። ግን ልጆቹ ቀኑን እየቆጠሩ ነው። ሐይቁም እንደ ድሮው አይቆይላቸውም፤ እንቦጭ ገብቶበታል፣ ውሃው ለመስኖ ይሳባል። ያላዩትን ነገር አድገው ይጠብቁልን ማለት አንችልም።

ምጽዋት በሉት፣ ሰደቃ በሉት፣ የሰፈር ልጅን ማሳደግ በሉት። በዚህ ሰፈር እኛም ያደግነው ጎረቤት አይቶን፣ ጎረቤት ቆጥቶን፣ ጎረቤት አብልቶን ነው። 2,000 የከበደው 200 ይላክ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ልጅ ያዙ። ብር የሌላችሁ እናቶች ዳቦና ቆሎ ብታዘጋጁልን የምሳው ወጪ ይቀንሳል። እማማዎቻችን አምና ያደረጉትን አልረሳነውም።

አሁንም እደግመዋለሁ፦ የእድሩ የንግድ ባንክ ሒሳብ፣ በር ላይ የተለጠፈው ቁጥር። ከቴሌብር ወደዚያው ማስተላለፍ ትችላላችሁ። በግለሰብ ስም የሆነ ቁጥር ማንም ቢልክላችሁ፣ የኮሚቴ አባል ነኝ ቢላችሁም፣ እንዳታስገቡ። ከላካችሁ በኋላ የደረሰኙን ፎቶ ለገንዘብ ያዣችን ላኩ፣ ምክንያቱ ላይ «ዝዋይ» ብላችሁ ጻፉ፤ አለበለዚያ ከወርኃዊ መዋጮ ጋር ይደባለቅብናል። እስከ አርብ ማታ 12 ሰዓት።