ፊርማው ትንሽ ይቆይ

ለአካባቢ አስተዳደሩ የግዥ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

የጨረታ መክፈቻ ሥርዓት ደስ ይለኛል። ሳጥኑ በተጫራቾች ፊት ይከፈታል፣ ፖስታው መታሸጉ ይታያል፣ ዋጋው ጮክ ተብሎ ይነበባል። አነስተኛ ተቋራጭ ነኝ፤ ሰነድ ገዝቼ፣ የጨረታ ማስከበሪያ (ለዋስትና የሚያዝ ገንዘብ) አስይዤ የምመጣው ያንን ሰዓት አምኜ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን በሩ ይዘጋል። ባለፈው የቦይ ሥራ ጨረታ ከተነበቡት ዋጋዎች ዝቅተኛው የእኛ ነበር። ዝቅተኛ ዋጋ ብቻውን እንደማያሸንፍ አውቃለሁ፤ ሰነድ የጎደለው፣ የቴክኒክ መመዘኛውን ያላለፈ ይወድቃል። እኛ መውደቃችንን የሚገልጸው ደብዳቤ የደረሰን ግን አሸናፊው ውል ፈርሞ ቁፋሮ ከጀመረ በኋላ ነው። «መስፈርቱን አላሟላችሁም» ይላል። የትኛውን? አንድ ሠራተኛ በኮሪደር ላይ «ዋጋችሁ አጠራጣሪ ሆኖ ነው» አለኝ። የመቆፈሪያ ማሽኑ፣ ኤክስካቫተሩ፣ የራሳችን ስለሆነ ኪራይ የለብንም፤ ቢጠይቁን በአንድ ገጽ እናስረዳ ነበር። ማንም አልጠየቀንም። አቤት ማለት ትችላላችሁም ተብለናል፤ በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ምን ይባላል?

የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የመንግሥት ግዥ ሞዴል ሕግ (አገሮች የራሳቸውን ሕግ ሲያወጡ እንደ አርአያ የሚያዩት) ለሁለቱም፣ ለዋጋው ጥርጣሬም ለዘገየው ደብዳቤም፣ መላ አለው። ዋጋው ከልክ በላይ ወርዷል ተብሎ ተጫራች ከመውደቁ በፊት በጽሑፍ ማብራሪያ ይጠየቃል። ውል ከመፈረሙ በፊት ደግሞ የአሸናፊው ስምና ዋጋ ለተጫራቾች ይገለጽና ቅሬታ የሚቀርብበት የመጠበቂያ ጊዜ ይሰጣል። አጣዳፊ የሕዝብ ጉዳይ ሲኖር መጠበቁ ሊቀር ይችላል፤ ለወራት ሲጓተት የከረመ የቦይ ሥራ ግን በመጨረሻው ሳምንት በድንገት አጣዳፊ ሊሆን አይችልም።



የተሰጠው ሥራ ተነጥቆ ይሰጠኝ አላልኩም። በሚቀጥለው የጨረታ ሰነድ ላይ የመጠበቂያው ጊዜ ስንት ቀን እንደሆነ በቁጥር ይጻፍ፤ ለወደቀውም መስፈርቱ በስሙ ተጠቅሶ ይነገረው። ሰነዱን ስገዛ ከዋጋ ዝርዝሩ በፊት የምፈልገው ያንን ገጽ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከወደቁት ተጫራቾች አንዱ