ውሻው መኪና ውስጥ፣ ባለቤቱ ኤክስፖ ውስጥ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር አርሶ አደርና ከተማ ግብርና ልማት ኮሚሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በበዓል ኤክስፖና ባዛር ሰሞን ስለ ውሾች አያያዝ

የበዓል ኤክስፖ ሲቃረብ ማስታወቂያው ስለ መግቢያ ዋጋው፣ ስለ ዘፋኞቹና ስለ ዕጣው ይለፍፋል። ቤተሰቡ ጠዋት 3 ሰዓት ወጥቶ ማታ 3 ሰዓት ሲመለስ ውሻው ያን 12 ሰዓት የት እንደሚውል ግን የሚያነሳ የለም። ዘበኛው ለበዓል አገሩ ገብቷል፤ የቤት ሠራተኛዋም ፈቃድ ወጥታለች። ስለዚህ ውሻው ወይ በሰንሰለት እንደታሰረ ብቻውን ይውላል፣ ወይ መኪና ውስጥ ይቆለፍበታል፣ ወይ ሕዝብ መሃል ይጎተታል። በእንስሳት ሕክምናና በውሻ ሥልጠና ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ኮሚሽኑ የባዛር ፈቃድ ከሚሰጠው አካል ጋር ተነጋግሮ በፈቃዱ ላይ ስለ ውሾች አንድ አንቀጽ እንዲያስገባ ለመጠየቅ ነው። አንቀጹ ምን ምን መያዝ እንዳለበትም እናስረዳለን።

ከመኪናው እንጀምር፤ ፈጥኖ የሚገድለው እሱ ነውና። «አዲስ አበባ ብርድ ናት» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ያዘናጋል። ውጭው 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን የተዘጋ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 34፣ በ30 ደቂቃ 43 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። የታኅሣሥም የሚያዝያም ቀትር ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ በዚያ ላይ በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ማድረግ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያመጣም፤ አየሩን የሚያግለው ፀሐይ የመታው ዳሽቦርድና ወንበር ነው። ጥላም አያስተማምንም። ጠዋት 3 ሰዓት ዛፍ ሥር የቆመ መኪና 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ያኔ ገና ሁለተኛውን አዳራሽ አልጨረሰም።

ውሻ እንደ ሰው በላብ አይቀዘቅዝም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው እያለከለከ ነው። የሚስበው አየር ራሱ ከጋለ ማለክለኩ ድካም ብቻ ይሆናል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ 41ን ሲያልፍ አንጎልና ኩላሊት መጎዳት ይጀምራሉ። ምራቁ ወፍሮ ይዝረበረባል፣ ድዱ ይቀላል፣ ይንገዳገዳል፣ ያስመልሰዋል። ያኔ ውሻውን ይዞ ወደ ክሊኒክ መሮጥ ብቻውን አይበቃም፤ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ ነው። ጥላ ውስጥ አስገብቶ ሆዱን፣ ብብቱንና እግሮቹን በቧንቧ ውሃ ማራስ፣ በካርቶን ማራገብ፣ ከቻለ ጥቂት ጥቂት ውሃ እንዲልስ መተው። እርጥብ ፎጣ ሸፍኖ መተው አይገባም፤ ፎጣው ቶሎ ይሞቅና ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ሙቀቱ ወደ 39.5 ሲወርድ ማራሱ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ደህና ቢመስልም ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ይህን ሁሉ ማስቀረት የሚችለው የፓርኪንግ ሠራተኛው ነው። መኪናው ሲገባ የኋላውን ወንበር አንድ ጊዜ ይመልከት፤ ውሻ ካለ ሾፌሩን ወደ ውሾች ማቆያ ይምራ። ተቆልፎበት ካገኘም ታርጋውን ለመድረክ ያስተላልፍ፤ የጠፋ ልጅ የሚያስጠራ ድምፅ ማጉያ ታርጋም መጥራት አያቅተውም። ባለቤቱ በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልመጣ ፖሊስ ባለበት መስኮት የሚከፈትበት ወይም የሚሰበርበት አሠራር አስቀድሞ በጽሑፍ ይውጣ። አለዚያ ሠራተኛው «መስታወቱን ማን ይከፍላል?» እያለ ውሻው ያልቃል።

ማቆያ ስንል ትልቅ ግንባታ አይደለም። ሸራ የተወጠረበት ጥላ፣ ከጄነሬተርና ከድምፅ ማጉያ የራቀ ጥግ ይበቃል። ለአንድ ውሻ 2 ሜትር በ2 ሜትር ቦታ፣ 2 ሊትር ውሃና ከጎረቤቱ የሚጋርደው ነገር ያስፈልገዋል። መጋረጃው ቅንጦት እንዳይመስላችሁ፤ ፊት ለፊት የሚተያዩ የታሰሩ ውሾች ቀኑን ሙሉ ሲጮኹ ይውላሉ፣ አንዱ ማሰሪያውን ከበጠሰ ደግሞ ጠቡ አይቀርም። ለስምንት ውሻ አንድ ተቆጣጣሪ እንመክራለን። ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ሁለት ካርዶች ይዘጋጁ፤ አንዱ ውሻው አንገት ላይ፣ አንዱ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ፣ ስልኩም መዝገብ ላይ። ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ላይ ያለች ሴት ውሻ፣ ከ4 ወር በታች የሆነ ቡችላና የክትባት ካርድ የሌለው ውሻ አይገቡም። ቡችላን የምንከለክለው ፓርቮ በሚባለው ቡችላ ገዳይ የተቅማጥ በሽታ ምክንያት ነው፤ ቫይረሱ መሬት ላይ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ አንድ ውሻ ወጥቶ ሌላ ከመግባቱ በፊት ኩሱ ይጠረጋል፣ ወለሉ በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ ይቆይበታል። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ያጣል፤ ሳሙናው የሚቀድመው ለዚህ ነው።

አብዛኛው ውሻ ግን ቤት ነው የሚቀረው። ኮሚሽኑ የሚያወጣው ማስታወቂያ ሰፊ ቦታ ሊሰጠው የሚገባውም ይህ ነው። ብዙ ግቢ ውስጥ የውሻ መጠጫ ማለት ከወገቡ የተቆረጠ የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው። ቀላል ነው፤ ሰንሰለቱ መሬት ለመሬት ሲጠርግ ያገኘዋል፣ ረፋድ ላይ ይደፋል፣ እስከ ማታ ድረስ የሚሞላው የለም። ጀሪካኑን እስከ ግማሹ መሬት ውስጥ መቅበር፣ ወይም በሁለት ቦታ በስቶ ከግድግዳው ጋር በሽቦ ማሰር ችግሩን ይፈታል። ውሻ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ለ30 ኪሎ ውሻ 2 ሊትር ገደማ ማለት ነው፤ ፀሐይ ካለ ይጨምራል። እናም በሁለት ዕቃ፣ በሁለት ጥግ ይቀመጥለት።

ሰንሰለቱም ራሱ ይገድላል። ከአጥር አጠገብ የታሰረ ውሻ ርችት ሲተኮስ አጥሩን ይዘልላል፤ ሰንሰለቱ ለመዝለል በቅቶ ማዶ መሬት ለመርገጥ ካጠረ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ችንካሩ ከአጥሩ ቢያንስ የሰንሰለቱን ርዝመትና ሌላ አንድ ሜትር ይራቅ። ግንድ ላይ የሚታሰር ከሆነ ሰንሰለቱ ዙሪያውን እየተጠመጠመ ያጥራል፤ ከሰዓት በኋላ ውሻው አንገቱን ማዞር ያቅተዋል። በሁለት ቋሚ መካከል ሽቦ ወጥሮ ሰንሰለቱን በሚንሸራተት ቀለበት ማያያዝ ይሻላል፤ ቀለበቱ ቋሚው ጋ ደርሶ እንዳይጠመጠም ከየጫፉ ቀደም ብሎ ሽቦው ላይ ማገጃ ይደረጋል። አጥሩ ደህና ከሆነ ደግሞ ፈትቶ በሩን መቆለፍ ከሁሉም ይሻላል፤ ቀን የሚታሰርና ማታ የሚፈታ ውሻ ባለቤቱ ካመሸ ያለ ልማዱ ይታሰራል፣ ግቢውም ያለ ጠባቂ ያድራል።

ምግቡን በተመለከተ ባጭሩ፦ ጠዋት ጥቂት፣ ዋናውን ማታ። የዶሮ ወጥ ትራፊ ግን ጨርሶ አይሰጠው። አጥንቱ ተሰንጥሮ አንጀት እንደሚወጋ ብዙ ሰው ያውቃል፤ የሽንኩርቱን ግን እምብዛም አያውቅም። ሽንኩርት ቢበስልም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ለ10 ኪሎ ውሻ 150 ግራም ለጉዳት ይበቃል፤ በዓል ሰሞን ወጥ ውስጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚገባ ለእናንተ አንነግርም። ድካሙና የድድ መንጣቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ከወጡ ጋር የሚያያይዘው የለም።

ውሻውን ይዞ ወደ ሕዝቡ መግባት መከልከል አለበት ብለን እናምናለን። ልጆች ምግብ እንደያዙ ፊቱ ይሮጣሉ፣ ድምፅ ማጉያው ያስበረግገዋል፣ ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ ደግሞ አጥንት ፍለጋ የመጡ የሰፈር ውሾች ይጠብቁታል። ለእነሱ መፍትሔው ክዳን ያለው በርሜልና ማታ ማታ የሚነሳ ቆሻሻ ነው፤ መርዝ አይደለም። ወደ ማቆያው የሚያልፍ ውሻ ከ1.5 ሜትር በማይበልጥ ገመድ ይያዝ። አፉ ላይ የሚደረገውም እንደ ቅርጫት ክፍት የሆነው ይሁን፤ አፍን ጥርቅም አድርጎ የሚያስረው ጨርቅ ማለክለክ ስለሚከለክል መኪናው የሚያደርገውን ያደርገዋል።

ንክሻ ከደረሰ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ የተነከሰውም በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሄዳል። ውሻው አይገደል። ታስሮ 10 ቀን ይታያል፤ በነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰ ሰዓት በምራቁ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ወዲያው ከገደሉት ግን በክትትል ማወቅ አይቻልም። ውሃ፣ ሳሙናና ይህ መመሪያ በየመግቢያው ድንኳን ይኑሩ።

መጨረሻ ላይ የቀረው የቀን ቆጠራ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ በቂ መከላከያ የሚያዳብረው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው። በኤክስፖው በር ላይ መከተብ ለዚያ ቀን አይጠቅምም። ኤክስፖው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከተከፈተ የኮሚሽኑ ማስታወቂያ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወጥቶ ክትባቱ በየወረዳው እስከ ኅዳር 10 ማለቅ አለበት። የአንቀጹን ረቂቅ ለመጻፍም ሆነ የፓርኪንግ ሠራተኞችን ለግማሽ ቀን ለማሠልጠን ያለ ክፍያ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር
በእንስሳት ሕክምናና በውሻ ሥልጠና የተሰማሩ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለበዓል ኤክስፖና ባዛር አዘጋጆች
ለፓርኪንግ አገልግሎት ማኅበራት