የሕንድ ፊልም ተርጓሚዎች ሆይ፣ ዘፈኑን አትዝለሉት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በአማርኛ እየተተረኩ በሚቀርቡ የሕንድ ፊልሞች ላይ የተለመደ ጉድለት አለ፤ ዘፈን ሲጀመር ተራኪው ዝም ይላል፣ ተመልካቹም ቡናውን ሊያይ ይነሣል። በድብድብ ፊልም ይህ ብዙ አይጎዳም። ስለ ትዳር በተሠራ የታሚል (የደቡብ ሕንድ ቋንቋ) ፊልም ግን የታሪኩ ወገብ ይቆረጣል፤ ባልና ሚስት ፊት ለፊት የማይባባሉትን የሚባባሉት በዘፈን ነውና።

ስሪድሃር እ.ኤ.አ. በ1962 ያዘጋጀውን «ኔንጂል ኦር አላያም»ን እንውሰድ፤ «በልብ ውስጥ ያለ ቤተ መቅደስ» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ ከሆስፒታል ብዙም አይወጣም። ሲታ በካንሰር የታመመ ባሏን ቬኑን ይዛ ትመጣለች፤ ሐኪሙ ሙራሊ ደግሞ የቀድሞ ፍቅረኛዋ ሆኖ ይገኛል። ባልየው ነገሩን ሲደርስበት «እኔ ከሞትሁ እሱን አግቢ» ይላታል። «ሶናዱ ኒታና» የሚለው ዘፈን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ዘፋኟ ፒ. ሱሺላ፣ ገጣሚው ካናዳሳን፣ ዜማው የቪስዋናታንና የራማሙርቲ ነው። ሲታ «ይህን ያልከው አንተ ነህ ወይ?» ብላ ትጀምርና የሰርጉን የአበባ ጉንጉንና ኩምኩሙን የሰጣት፣ እስከ መጨረሻው አብሬሽ ነኝ ያላትም እሱ ራሱ መሆኑን እየቆጠረች ትሞግተዋለች። ትርጉሙ ያመለጠው ሰው አልቅሳ ዝም ያለች ይመስለዋል።

ኩምኩም በግንባር ላይ የሚደረግ ቀይ ዱቄት ነው። «ቀይ ቀለም» ማለት አይበቃም፤ ባል ሲሞት ሚስቲቱ በልማዱ ኩምኩሙን፣ የፀጉር አበባዋንና ታሊዋን ታጣለች። ታሊ በሰርግ ዕለት አንገቷ ላይ በ3 ቋጠሮ የሚታሰረው ክር ነው። «ሐብል» ካሉት ጌጥ ይሆናል። «ማተብ» ማለት ያጓጓል፣ እሱ ግን የሃይማኖት ምልክት ስለሆነ ወደ ሌላ ሐሳብ ይወስዳል። ታሊ ብሎ ትቶ መጀመሪያ በታየበት ላይ «የጋብቻዋ ክር» ማለት ይሻላል። በሕንድ ባሏ የሞተባት ሴት እንድታገባ ሕግ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1856 ቢሆንም ልማዱ ከመቶ ዓመት በኋላም አልላላም ነበር። የቬኑ ጥያቄ የከበደው ለዚህ ነው።

አንቱታም አለ። በዚያ ዘመን የታሚል ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም፣ የምታናግረውም በአክብሮት ነው፤ ዘፈኑ ግን «ኒ» ይላል፣ ማለትም «አንተ»። ንግግሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ በ«አንተ» የተረጎመ ሰው እዚህ ሲደርስ የሚለውጠው ነገር አይኖረውም። በንግግሩ «እርስዎ»ን ይጠቀም፣ «አንተ»ን ለዘፈኑ ያቆይ።

ሐኪሙ የሚዘፍነው «ኤንጊሩንዳሉም ቫዝጋ» ሌላ ወጥመድ አለበት። ቃል በቃል «የትም ብትሆኚ ኑሪ» ነው፤ በአማርኛ ግን «የትም ሁኚ» ስድብ ቀረሽ ነው። «ባለሽበት ሁሉ ይድላሽ» ቢባል ምርቃቱ ይወጣል።

አሠራሩ አያስቸግርም። የእነዚህ ዘፈኖች አዝማች፣ ታሚሎች ፓላቪ የሚሉት፣ ስለሚደጋገም አንድ ጊዜ መተርጎሙ ይበቃል። ከአዝማቹና ከስንኞቹ መካከል መሣሪያ ብቻውን የሚጫወትበት ክፍተት አለ፤ ተራኪው የመጪውን ስንኝ ፍሬ ነገር እዚያ ላይ ይናገርና ዘፋኟ ስትጀምር ዝም ይበል። በድምፅዋ ላይ ከደረበ ሁለቱም ይበላሻሉ። በጽሑፍ ከሆነ ከ2 መስመር አይለፍ፤ የአማርኛ ግስ ረጅም ስለሆነ ስንኙን ሙሉ ለሙሉ ልጻፍ ያለ ሰው ዓይን ያደክማል።

ስሪድሃር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1963 ተዋናይት ሜና ኩማሪን ይዞ በሂንዲ «ዲል ኤክ ማንዲር» ብሎ ደግሞ ሠርቶታል። ታሪኩ ያው ነው፣ ዘፈኖቹ ግን የሻንካርና የጃይኪሻን ሌላ ሥራ ናቸው። ስለዚህ የአንዱን ትርጉም ለሌላው መገልበጥ አይሆንም፤ ለታሚሉ የታሚሉን ግጥም የሚያውቅ ሰው መፈለግ ግድ ነው።

ጊዜ አጠረ ከተባለ በፊልሙ ውስጥ ያለውን የኮሜዲያኑን የናጌሽን ቀልድ ዝለሉት፤ እሱ ያለ ትርጉምም ያስቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ