«ምንም የለብሽም» ለተባልሽው ልጄ

የኔ እናት፣

ሐኪሙ «ምንም የለብሽም፣ የፈተና ጭንቀት ነው» ብሎ እንደሸኘሽ ከነገርሽኝ ጀምሮ ውስጤ እርር ብሏል። በስልክ ብዙ ማውራት አልቻልንም፤ ዶርም ውስጥ ሰው እንዳለ ከድምፅሽ ያስታውቅ ነበር። ስለዚህ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ። ከሁሉ በፊት ይሄን እወቂልኝ፤ አምንሻለሁ። የምትዪው ሁሉ እየሆነብሽ ነው። አልፈጠርሽውም፣ አላጋነንሽውም፣ ቅብጠትም አይደለም።

እናትሽ ዕድሜዋን ላብራቶሪ ውስጥ የጨረሰች ሴት ናት። ስለዚህ «ውጤትሽ ነጻ ነው» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ከኔ ስሚ። የተመረመረው ነገር ላይ ችግር አልተገኘም ማለት ነው፤ በቃ። ያልተመረመረውን አይጨምርም። የደም ማነስ የለብሽም፣ ሽንትሽ ንጹሕ ነው፣ የልብ ምርመራው፣ ኢሲጂውም ደህና ነው፤ ጥሩ፣ ተመስገን። ግን ጭንቀትና ድብርት በማይክሮስኮፕ አይታዩም። እኔ ከአንዲት ጠብታ ደም ወባ ላገኝልሽ እችላለሁ፤ ለምን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልብሽ እየደለቀ፣ እጅሽ እየደነዘዘ፣ «አሁን ልሞት ነው» እያልሽ እንደምትነቂ ግን ደምሽ አይነግረኝም። ያንን መናገር የምትችዪው አንቺ ብቻ ነሽ። ሐኪሙ ደግሞ ካልጠየቀና ካላዳመጠ ከየትም አያገኘውም።

ታይፎይድ ነው ብለው መድኃኒት የሰጡሽ ጊዜም ደስ አላለኝም ነበር። ትኩሳት እንኳን የለሽም! ለታይፎይድ የሚሠራውን ዊዳል የሚባለውን የደም ምርመራ ስንት ዘመን በእጄ ሠርቼዋለሁ። ድሮ ታይፎይድ የያዘው ሰውም፣ ሌላ ኢንፌክሽን ያለበትም ሰው ላይ «አለ» ሊል ይችላል። በአንድ ዊዳል ብቻ ታይፎይድ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ሐኪሞቹም ይሄንን ያውቁታል። ቀጥሎ ጨጓራ ተባለና ኦሜፕራዞል መጣ። ቀጥሎ «ቫይታሚን ውሰጂ፣ ውሃ ጠጪ» ሆነ። እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ካየሁት፣ በታይፎይድና በጨጓራ በኩል ሳይዞር ቀጥታ የአእምሮ ሐኪም ጋ የደረሰ ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ ላይ ያቺ ነርስ «ከጓደኛሽ ጋር ተጣላሽ እንዴ?» ብላ የሳቀችው! ወንድ ልጅ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ትጠይቀው ነበር? አይመስለኝም።

ያንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ። ጉራጌ አካባቢ ሶዶ ወረዳ ውስጥ በጤና ጣቢያዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ድብርት ካለባቸው ታካሚዎች አብዛኞቹ ሳይታወቅላቸው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ሰዎቹ የሚሄዱት ራሴን ያቃጥለኛል፣ ወገቤን ይቆርጠኛል፣ ድካም አለኝ ብለው ነው፤ የሚሰጣቸውም የራስና የወገብ መድኃኒት ነው። የባለሙያ እጥረትም አለ። አማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. አካባቢ ተከፍቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት ለአገሩ ሁሉ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ውጭ አገር ሄዶ መማር ነበር። አሁን ብዙ ሆስፒታሎች ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ በሙያው የሠለጠኑ ነርሶችም አሉ፤ ወረፋው ግን አሁንም ወረፋ ነው።

ይሄን ሁሉ የምነግርሽ ሐኪሙን እንድታዝኚለት አይደለም። ከበሩ ውጭ የተኮለኮለውን ሰው ብዛት አውቃለሁ፤ እኔም እዚያው ኖሬያለሁ። ግን ከካርዱ ላይ ቀና ብሎ «እንቅልፍሽስ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ስፔሻሊስት መሆን አይፈልግም። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ መከፋት፣ ለምንም ነገር ፍላጎት ማጣት፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት፣ ሐሳብ አለመሰብሰብ፣ እነዚህን የሚጠይቅ ፒኤችኪው-9 የሚባል ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። በአማርኛ ተተርጉሞ እዚሁ አገራችን ተሞክሯል። የሚፈጀው ደቂቃዎችን ነው። ያ ሰውዬ ከዘጠኙ አንዱን እንኳን አልጠየቀሽም። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

እሺ፣ ወደ ሚጠቅምሽ ልሂድ።

ሌሊት የሚመጣብሽ ነገር ስትገልጪው «ፓኒክ አታክ» የሚሉትን፣ ድንገት የሚመጣ ከባድ ፍርሃት ይመስላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስም የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ግን ሰውነት አደጋ ሳይኖር የአደጋ ደወሉን ሲደውል እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ልብ ይሮጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ቶሎ ቶሎ ሲተነፈስ ደግሞ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል። ብዙ ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጣሪያው ላይ ደርሶ ከዚያ እየበረደ ይሄዳል። ያ ማለት ቀላል ነው ማለት አይደለም። የሚታከም ነው ማለት ነው።

አሁን ስትሄጂ «ልቤን ይመታኛል» ብለሽ ብቻ አትቁሚ። እንደዚያ ካልሽ እንደገና ኢሲጂ ነው የሚያዙልሽ። ፍርሃቱንም ተናገሪ። ክፍል መቅረት መጀመርሽን፣ ካፌ መግባት መፍራትሽን፣ ከጓደኞችሽ መራቅሽን፣ የምትወጂውን ሥዕል እንኳን መተውሽን። ሐኪም ፊት ስንቀርብ ሁላችንም ደህና ለመምሰል እንሞክራለን፤ ፀጉር ተሠርተን፣ ፈገግ ብለን፣ «ትንሽ ነው» ብለን። አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰው አላስቸግርም ባይ ነሽ። እባክሽ እዚያ ክፍል ውስጥ አስቸግሪ። መቼ እንደጀመረሽ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ምን ምን ነገር እንዳስተወሽ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ ንግግር ቢጠፋሽ ወረቀቱን አንብቢለት። «ምንም የለብሽም» ካለሽ ደግሞ «ታዲያ ይሄ ሁሉ የሚሆንብኝ ከምንድን ነው? ካርዴ ላይ ይጻፉልኝ፣ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍልም ሪፈር ይጻፉልኝ» በይ። በትሕትና፣ ግን ሳትነሺ። መብትሽ ነው።

የታይሮይድ ምርመራም ይሠራልሽ። ካርድሽ ላይ አላየሁትም። አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ የሚባለው እጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ልብ ያስደልቃል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያከሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል። እሱ ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው። እሱም ነጻ ከሆነ ግን «እንግዲያው ጤነኛ ነሽ» የሚለውን ነገር ድጋሚ እንዳትቀበዪ።

መድኃኒት ቢያዝልሽ አትደንግጪ። ፍሎክሰቲን ወይም እንደሱ ያለ የድብርትና የጭንቀት መድኃኒት ከሆነ ወዲያው አይሠራም፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሳምንት መታገሥ ይጠይቃል፣ መጀመሪያ ላይም ማቅለሽለሽና መቁነጥነጥ ሊያመጣ ይችላል። የሚከብድሽ ነገር ካለ ለሐኪሙ ንገሪ፤ ተሻለኝ ብለሽ ግን በራስሽ አታቋርጪ። ዲያዜፓም ብቻ ሰጥተው ሊሸኙሽ ቢሞክሩ ጠይቂ። ቶሎ ያረጋጋል፣ ግን ሱስ ሊሆን ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ነገር አይደለም። ከባለሙያ ጋር እየተቀመጡ በንግግር መታከምም አለ፤ ለእንዲህ ዓይነት ፍርሃት በደንብ ይሠራል። ይሄንንም ጠይቂ።

አክስትሽ ጠበል እንሂድ ብላ ደውላልሻለች መሰለኝ። ከወደድሽ እንሄዳለን፤ እኔም አብሬሽ እጠመቃለሁ። ለአክስትሽ ግን ቁርጡን ነግሬአታለሁ፤ መድኃኒቱ አይቋረጥም። የኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜ ስንቱ ጠበል ሄዶ መድኃኒቱን ሲተው አይተናል፤ ያን ጊዜ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ሁለቱም አብረው ይወሰዳሉ ብለው ሕዝቡን መክረዋል። ለአእምሮም ያው ነው። አማኑኤል ታከመች ይሉኛል ብለሽ ከፈራሽ ደግሞ፣ ይበሉ። የሚሉት ሰዎች ሌሊት አብረውሽ አይነቁም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ ሳትሸሺ መልሺልኝ። ብሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል? ጥያቄው ሐሳቡን አያመጣውም፤ ይልቅ የተሸከመው ሰው እንዲያወርደው ይረዳል። መጥቶብሽ ከሆነ አልቆጣሽም፣ አላለቅስብሽም፣ ለማንም አላወራም። ከመጣ በየትኛውም ሰዓት ደውዪልኝ። ራስሽን ልትጎጂ እንደሆነ ከተሰማሽ ደግሞ እኔን እንኳን አትጠብቂ፤ አንዷን ጓደኛሽን ቀስቅሺና ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ እዚያም እንዲሁ እንዳለ ተናገሪው። ሐኪሙንም ሳይጠይቅሽ ንገሪው።

ትምህርቱ አያስጨንቅሽ። ዊዝድሮው ሞልቶ ትምህርቱን ለጊዜው ማቋረጥ ካስፈለገ ይሞላል፤ አባትሽንም አነጋግሬዋለሁ፣ ምንም አላለም፤ «ልጄ ትዳንልኝ» ነው ያለው። ሰውየው ብዙ አይናገርም እንጂ ካንቺ በላይ እንቅልፍ ያጣው እሱ ነው።

ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ። አርብ አብረን እንሄዳለን፤ ክፍሉ ውስጥም አብሬሽ እገባለሁ፣ ብቻዬን ልናገር ካልሽ ደግሞ ውጭ እጠብቃለሁ፤ እንደፈለግሽው። እስከዚያ የድሮ ውጤቶችሽንና ካርድሽን ሰብስቢ፣ ኢሲጂውንም እንዳትረሺ፣ የወሰድሻቸውን መድኃኒቶች ማሸጊያ ካልጣልሽ እሱንም ፌስታል ውስጥ ክተቺ። ምን ያህል ጊዜ እንደወሰድሽ ይጠይቁሻል። ወረቀቱንም ዛሬ ማታ መጻፍ ጀምሪ።

እናትሽ