ነርሶች ከመላካችሁ በፊት ስልክ የሚያነሳ ሰው አስቀምጡልን

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። ነርስ ነኝ። በባሕረ ሰላጤው ሀገራት ሆስፒታሎች ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አጠገቤ የሚቆሙት ፊሊፒናውያን ነበሩ። የሌሊት ተረኛ ስንሆን ሩዛቸውን ያካፍሉኝ ነበር፣ እኔም ሽሮ አስለምጃቸዋለሁ። በዕድሜ የምትበልጣቸውን ሴት «አቴ» ይሏታል፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው።

እኛ ሀገር ባለሙያ ወደ ውጭ ስለመላክ በተነሳ ቁጥር «እንደ ፊሊፒንስ» ሲባል እሰማለሁ። ጥሩ ነው፣ ከእነሱ የምንማረው ብዙ አለ። ግን ሁሌም የሚወራው ወደ ሀገር ስለሚገባው ዶላር ነው። አንዲት ነርስ ችግር ሲገጥማት ምን እንደሚደረግላት ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

የራሴን ልንገራችሁ። ፕሮሜትሪክ የሚባለውን የነርስነት ፈቃድ ፈተና አልፌ፣ ዳታፍሎው የሚባለው ማስረጃ አጣሪ ድርጅት ዲግሪዬን አጣርቶ፣ አዲስ አበባ ላይ ውል ፈርሜ ነው የሄድኩት። ለአስቀጣሪው ቢሮ ያለ ደረሰኝ ብዙ ገንዘብ ከፍያለሁ፤ ግማሹ የእናቴ የዕቁብ ብር ነበር። ስደርስ ሆስፒታሉ ሌላ ውል አቀረበልኝ። በዓረብኛ ነው፣ ደመወዙ ዝቅ ያለ ነው፣ የቤት አበሉ ጠፍቷል። በዚያው ሳምንት የመጣች አንዲት ፊሊፒናዊትም ልክ እንደኔ ተደረገች። እሷ አላለቀሰችም። የመጀመሪያውን ውሏን በስልኳ ፎቶ አንስታ ለማኒላው ኤጀንሲዋና እዚያው ከተማ ላለው የሀገሯ የሠራተኞች ቢሮ ላከች። ሁለት ወር ሳይሞላ ደመወዟ ወደ መጀመሪያው ውል ተመለሰ። እኔ ግን ማን ጋ እንደምደውል እንኳ አላውቅም ነበር። ፈረምኩ።

ልዩነቱ ከየት መጣ ብዬ ብዙ ጠይቄያለሁ። ፊሊፒንስ ሠራተኛ መላክን በሕግ ያደራጀችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ግን መንግሥታቸው ለተላከው ሰው ተጠያቂ እንዲሆን ያስገደደው የ1995ቱ ሐዘን ነው። ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን የምትባል የቤት ሠራተኛ ሲንጋፖር ውስጥ በስቅላት ተቀጣች፣ ሕዝቡ በቁጣ ወጣ፣ በዚያው ዓመት ሠራተኞቹን የሚጠብቀው ሕግ ጸደቀ። በሕጉ መሠረት የማኒላው ኤጀንሲ ውጭ ካለው አሠሪ ጋር እኩል ኃላፊ ነው። አሠሪውን ባሕር ተሻግሮ መክሰስ ለሚከብዳት ነርስ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቤተሰቧ እዚያው ማኒላ ያለውን ኤጀንሲ ይይዝላታል። የኤጀንሲ ክፍያም ቢበዛ የአንድ ወር ደመወዝ ነው። በ2021 መጨረሻ ደግሞ ውጭ ሀገር ለሚሠሩ ዜጎቻቸው ብቻ የቆመ ሚኒስቴር አቋቋሙ።

አሁን የሚያሳዝነኝን ልንገራችሁ። ሕጉ እኛም ጋ አለ። ስለ ውጭ ሀገር የሥራ ስምሪት የወጣውን ዐዋጅ ቁጥር 923/2008ን ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ። ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬት የአሠሪው ወጪ እንደሆነ ይላል። ኤጀንሲ ዋስትና ያስይዝ ይላል፣ ውጭ ሀገር የሠራተኞችን ጉዳይ የሚከታተል የመንግሥት ተወካይ፣ ሌበር አታሼ የሚባለውም ይመደብ ይላል። ይህን ከመሄዴ በፊት የነገረኝ ሰው ቢኖር የእናቴ ዕቁብ ባልተበላ ነበር።

እነሱም ቢሆን ሁሉ የተሳካላቸው አይደሉም። ኒውዮርክ ውስጥ ፊሊፒናውያን ነርሶች ውላቸው ሳያልቅ ሥራ ከለቀቁ 25,000 ዶላር እንዲከፍሉ አሠሪዎቻቸው አስፈርመዋቸው ነበር፤ ቅጣቱ ሕገወጥ ነው ብሎ ፍርድ ቤት የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በኮቪድ ጊዜ ደግሞ አንዲት የሠራተኛ ሚኒስቴራቸው ኃላፊ ብሪታንያና ጀርመን ክትባት ከሰጡን በሚላኩ ነርሶች ቁጥር ላይ ያስቀመጥነውን ገደብ እናነሳላቸዋለን አሉ። የዚያን ቀን ባልደረቦቼ ፊት ላይ ያየሁት ስሜት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ሀገራቸው ውስጥም ክፍተቱ አልተሞላም፤ በ2023 የጤና ሚኒስትራቸው በመንግሥት ሆስፒታሎች ከ4,000 በላይ ክፍት የነርስ ቦታ አለ ብለዋል።

እኛ ደግሞ ከእነሱ የባሰ ሁኔታ ላይ ነን። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረታቸው አሳሳቢ ነው ብሎ በዘረዘራቸው ሀገራት ውስጥ ኢትዮጵያ አለች፣ ፊሊፒንስ የለችም። እንደ ብሪታንያ ያሉ ሀገራት ከእነዚህ ሀገራት ራሳቸው ዘመቻ ከፍተው ነርስ እንዳይመለምሉ የሚከለክል ደንብ አላቸው። ስለዚህ «እንደ ፊሊፒንስ» ስንል መጀመሪያ ጤና ጣቢያዎቻችን ውስጥ ማን እንደሚቀር መነጋገር አለብን። ተመርቆ ሥራ ያጣ ነርስ እያለ ጤና ጣቢያው ሰው የሚያጣው በበጀት ምክንያት ከሆነ፣ ያንን ከጤና ሚኒስቴርና ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ተቀምጣችሁ ፍቱት። ሰው መላክ በጀት አይተካም።

መሄድ የፈለገን ግን አትከልክሉ። ሰው ሠርቶ ማደር አለበት። እኔ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ነርስ በምትልኩበት ከተማ ሁሉ የሆስፒታል ውል አንብቦ የሚረዳ ሌበር አታሼ ይኑር። ስልኩ በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በአማርኛም በሌላ ቋንቋችንም ይጻፍ። ሌሊትም ይነሳ፣ ነርስ ሌሊት ነው የምትሠራው። ውል ሲቀየር ደግሞ ኤጀንሲው ካስያዘው ዋስትና ላይ ልዩነቱ ይከፈላት፤ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ስትንከራተት አመቱ አይለቅ። ሕጋዊው ክፍያ ስንት እንደሆነም በየኤጀንሲው በር ላይ በብር ተለጥፎ ይታይ።

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ዓመት በነርስነት ተመርቋል፣ እስካሁን ሥራ አላገኘም። ፓስፖርቱን አውጥቶ «ልምጣ?» እያለ በየሳምንቱ ይደውልልኛል። እኔ ገና መልስ አልሰጠሁትም።