የታናሽሽ ሰርግና የስኮትላንዶቹ

ሂሩትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እናታችንስ ደህና ናቸው? ተጠፋፋን አይደል? ሥራ፣ ልጅ፣ ብርድ እያልኩ ዓመታቱ ነጎዱ። ታናሽሽ ልታገባ ነው ሲሉኝ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እንኳን ደስ አላችሁ!

ሰርግ ከተነሳ የዚህን አገር፣ የስኮትላንድን፣ ላውጋሽ። አበርዲን አካባቢና ኦርክኒ ደሴቶች ላይ «ብላክኒንግ» የሚሉት ነገር አለ። ሰርጉ ሲቃረብ ጓደኞች ሙሽራውን፣ አንዳንዴም ሙሽሪትን፣ ድንገት ይይዛሉ። ጥቀርሻ፣ ሞላሰስ፣ ዱቄት፣ ላባ፣ ያገኙትን ሁሉ ይለቀልቋቸዋል። ከዚያ ክፍት መኪና ላይ ጭነው፣ ድስት እየደበደቡ ከተማውን ያዞሯቸዋል። አላፊ አግዳሚው ይስቃል እንጂ ማንም አያስጥልም። ይህን የቻለ ትዳርንም ይችላል ይላሉ። እኔ ግን የሚዜ ተንኮል ይበዛበታል ባይ ነኝ።

ገድ ማየትም አለ። ሙሽሪት ለሀብት ብላ ጫማዋ ውስጥ የስድስት ፔንስ ሳንቲም ታደርጋለች። ሳንቲሙ በ1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከገበያ ወጥቷል፤ ስለዚህ አሮጌውን ፈላልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በሜይ ወር ማግባት ደግሞ መጥፎ ነው ይባላል። የድሮ ንግሥታቸው ሜሪ በሜይ 1567 (እ.ኤ.አ.) ቦዝዌል የተባለውን መኳንንት አገባች፤ በጁላይ ዙፋኗን እንድትለቅ ተገደደች። እንግዲህ ምን ትያለሽ?

አንቺን ደስ የሚልሽ ግን የድሮው «የፔኒ ሰርግ» ነው። ሙሽሮቹ ደሃ ከሆኑ እያንዳንዱ እንግዳ ሳንቲሙን ይዞ ይመጣል። ምግቡም፣ መጠጡም፣ ቫዮሊን መቺውም ከዚያ ይከፈላል። የተረፈው ለሙሽሮቹ ጎጆ መውጫ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያኗ ጭፈራውና ስካሩ በዛ ብላ ተቆጣች። የእንግዳውን ብዛትና የሚዋጣውን ገንዘብ ልትገድብ ሞከረች። ሕዝቡ ግን እሺ አላለም፤ ድግሱ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ቀጠለ። እኔ ለሕዝቡ እፈርዳለሁ። ለአንድ ቀን አዳራሽና ለቪዲዮ ተበድሮ ዓመቱን ሙሉ ዕዳ ከመክፈል፣ በግልጽ አዋጡልን ማለት ምን ነውር አለው? ታናሽሽን በዚህ አስቢባት፤ ከእኔ የሚጠበቀውንም ሳታፍሪ ንገሪኝ።

ኦርክኒ ላይ ደግሞ «ኮግ» የሚባል የእንጨት ዕቃ አለ። ትኩስ ቢራና ውስኪ በስኳር ይደባለቅበትና እንግዳው ሁሉ እየተቀባበለ ይጎነጫል። ጠጅ ይሻለኛል።

ቀኑን ቶሎ ጻፊልኝ፣ ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ። ጥር ከሆነ ይመቸኛል። የሚያዝያ መጨረሻ ከሆነ ግን እዚህ ሜይ ገብቷል፤ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ አልነግራቸውም።

ያንቺው፣
አልማዝ